የውጭ ዩኒቨርሲቲ በዝሆኔ ጥናት አጋር ሁኑን ብሎናል፤ ከመፈረማችን በፊት ምን እናስተካክል?

የማርቆስ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ጎጃም ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ነው የምንሠራው። አንድ የአውሮፓ ዩኒቨርሲቲ በምሥራቅ ጎጃም ሁለት ወረዳዎች ላይ የዝሆኔን፣ ማለትም ከቀይ አፈር ጋር የሚያያዘውን የፖዶኮኒዮሲስን የጄኔቲክ ተጋላጭነት አብረን እናጥና ብሎ ረቂቅ ልኮልናል። ጥናቱ 4 ዓመት ይፈጃል። 600 ሕሙማንና 600 ጤነኛ ጎረቤቶቻቸው ይገባሉ፤ ከእያንዳንዳቸው 4 ሚሊ ሊትር ደም ይቀዳል፤ ደሙ በሙሉ ወደነሱ ቤተ ሙከራ ይላካል። እኛ «የመስክ አጋር» ተብለናል፤ ከጠቅላላው በጀት 18 በመቶ ተመድቦልናል። ናሙና የሚያቆይ አንድ ፍሪዘር (ማይነስ 80 ዲግሪ) እንደሚሰጡን፣ 1 ሰው ደግሞ ለፒኤችዲ እንደሚወስዱ ጽፈዋል።

ረቂቁን አስተካክለን ለመመለስ 3 ሳምንት አለን። ውሉና በጀቱ ላይ ምን እንያዝ? ደሙ ሁሉ መሄድ አለበት የሚሉትስ እውነት ነው? ሕዝቡ ዘንድ ስንወርድ ምን እንጠንቀቅ? በሥራው ያለፋችሁ ሰዎች በዝርዝር ብትነግሩን እናመሰግናለን።

አባይ ማዶ

መጀመሪያ «የመስክ አጋር» የምትለው ቃል በገንዘቡ ደንብ ምን ማለት እንደሆነች ጠይቋቸው። ገንዘቡ እንደ ግሎባል ሄልዝ ኢዲሲቲፒ 3 ካለ የአውሮፓ ኅብረት ምንጭ ከሆነ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ተጠቃሚ ተቋም ሆናችሁ ስምምነቱን ከፈረማችሁ በቀጥታ ወጪያችሁ ላይ 25 በመቶ የተቋም ማስተዳደሪያ ይታሰብላችኋል። ንዑስ ተቋራጭ ሆናችሁ ከገባችሁ ግን ያ 25 በመቶ አይታሰብም፤ አገልግሎት ሸጣችሁ ደረሰኝ ሰጣችሁ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲያችሁ ለመብራት፣ ለቢሮ፣ ለሒሳብ ሠራተኛ የሚያወጣውን ማንም አይመልስለትም። ስለዚህ «መስክ» መባሉ ሳይሆን ተጠቃሚ ወይስ ተቋራጭ የሚለው ነው ቁም ነገሩ።

ተጠቃሚ ለመሆን ተቋማችሁ 9 አኃዝ ያለው የተሳታፊ መለያ ቁጥር ያስፈልገዋል። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ ቀድሞ የወጣ ሆኖ ይገኛል፤ አንድ ትምህርት ክፍል አውጥቶት የተረሳ ነው። ሁለተኛ ከማውጣታችሁ በፊት ፈልጉት። በሕጋዊ ተወካይነት የተመዘገበው ሰው ሥራ ከለቀቀ እሱን መቀየር ብቻውን ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ነገ ጀምሩት።

ገንዘቡ ከአሜሪካው ብሔራዊ የጤና ተቋማት (ኤንአይኤች) የሚመጣ ከሆነ ሌላ ነው። ለውጭ ተቋማት የሚከፍለው ማስተዳደሪያ ለብዙ ዓመታት 8 በመቶ ሆኖ ቆይቷል። የአሜሪካ መንግሥት የሚጠይቀው 12 ሆሄና ቁጥር ያለው መለያም ምዝገባው በየዓመቱ መታደስ አለበት፤ ካልታደሰ ክፍያ ይቆማል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 ኤንአይኤች አዲስ አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ በሌላ ተቋም ሥር ለውጭ አገር የሚተላለፍ ንዑስ ገንዘብ አልፈቅድም ብሏል። አጋራችሁ አውሮፓዊ ቢሆንም የገንዘቡን ሥር እስከ ምንጩ ድረስ ጠይቁ።

ስለ 18 በመቶው፣ በመቶኛ አትደራደሩ። በመቶኛ የተጀመረ ድርድር «20 እናድርገው» ተብሎ ያልቃል። የምትሠሩትን ሥራ በዝርዝር ጽፋችሁ በዋጋ አውጡት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህ ነው፦ የመረጃ አስተዳዳሪ ደመወዝ ለ4 ዓመት እንጂ ለመስኩ 6 ወር ብቻ አይደለም፤ የመኪና ጥገና፤ የሥነ ምግባር ፈቃድ በየዓመቱ ማሳደሻ፤ የሕክምና ቆሻሻ ማስወገጃ፤ ውጤቱን ወደ ቀበሌ መልሶ ለማስረዳት የሚወጣ ወጪ፤ የማሽን ጥገና። ለመጨረሻው ከማሽኑ ዋጋ በዓመት ከ5 እስከ 10 በመቶ መያዝ የተለመደ ነው። ፍሪዘሩን ሰጥቶ ጥገናውን ያልያዘ በጀት ወጪውን ወደ እናንተ አሻገረ ማለት ነው።

ውሉ በምን ገንዘብ ይጻፋል? ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው 1 ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። ሪኤጀንት (የቤተ ሙከራ ኬሚካል) የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና በብር ለተፈረመ ውል ይህ ማለት የመግዛት አቅሙ በግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው። በዩሮ ይጻፍ፤ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ይከፈት፤ ውጭ የሚገዛውን ዕቃ ደግሞ አጋራችሁ በቀጥታ ገዝቶ በስማችሁ ይላክላችሁ።

አከፋፈሉም በቅድሚያ ይሁን። «አውጥታችሁ ደረሰኝ ስትልኩ እንመልሳለን» የሚል ውል ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ አይሠራም፤ ነዳጅና የውሎ አበል የሚከፍልበት ተንሳፋፊ ገንዘብ የለውም። የ6 ወር ቅድሚያ፣ በየ3 ወሩ ማወራረድ ብላችሁ ጠይቁ። የእኛ በጀት ዓመት ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አስረዷቸው። ግንቦት ላይ ያልተጠየቀ ግዢ እስከ ነሐሴ ይንጠለጠላል።

በጎጃም የእኩል እርሻ ሲያዝ ዘሩን ማን እንደሚያወጣ፣ በሬው የማን እንደሆነ፣ ጭዱ እንኳ ለማን እንደሚሆን ሳይጠመድ በፊት ይነገራል። የእናንተ ጭድ የተረፈው ደምና የመረጃ ቋቱ ነው። ጥናቱ ሲያልቅ የማን እንደሆኑ ረቂቁ ላይ ፈልጉ፤ ከሌለ ጻፉት።

ጮቄ

እኔ ስለ ቤተ ሙከራው ልናገር። «ደሙ በሙሉ መሄድ አለበት» የሚለው በሒሳብ አይቆምም።

ከ1 ሚሊ ሊትር ደም ከ20 እስከ 40 ማይክሮ ግራም ዲኤንኤ ይወጣል። ከ4 ሚሊ ሊትር ዝቅተኛውን ብናስብ 80 ማይክሮ ግራም ነው። ጂኖታይፕ የሚደረግበት (የጂን ልዩነት የሚነበብበት) ቺፕ የሚፈልገው ከ1 ማይክሮ ግራም በታች ነው፤ ብዙዎቹ 200 ናኖ ግራም (0.2 ማይክሮ ግራም) ይበቃቸዋል። ለነሱ 5 ማይክሮ ግራም ብትልኩ ተደጋግሞ ይሠራበታል፤ 75ቱ እዚህ ይቀራል። ዲኤንኤ ማውጣት ደግሞ የተራቀቀ ሥራ አይደለም። ሴንትሪፊውጅ፣ ሂት ብሎክ፣ ኪት፣ ፒፔቶችና መጠኑን የሚለካ ፍሎሮሜትር ይበቃል። መጠኑን በስፔክትሮፎቶሜትር ብቻ አትለኩ፤ አርኤንኤና የኪት ቅሪት ካለ ቁጥሩን ያጋንነዋል፤ እዚያ ሲደርስ «አነሰ» ይባልና ሁለተኛ ላኩ ይመጣል።

ስለዚህ ሐሳብ አቅርቡ፦ ዲኤንኤው እናንተ ጋ ይውጣ፣ በሦስት አሊኮት (በየቱቦው የተከፈለ ድርሻ) ይከፈል፣ አንዱ ይላክ፣ ሁለቱ በተለያየ ቦታ እዚህ ይቀመጡ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለት የሠለጠኑ የላቦራቶሪ ቴክኖሎጂስቶችና የኪት ዋጋ ነው። ደም እንዳይረጋ በሚያደርገው በኤዲቲኤ ቱቦ ያለ ደም ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ለጥቂት ቀናት ስለሚቆይ ከወረዳ እስከ ቤተ ሙከራ በበረዶ ሳጥን መምጣት ይችላል። ግን ቱቦው በረዶውን አይንካ፤ ደሙ በረዶ ሆኖ ከቀለጠ ሴሎቹ ይፈነዳሉ። መሐል ካርቶን አድርጉ፣ በየሳጥኑ ቴርሞሜትር ይኑር።

ይህ ከሆነ ማይነስ 80 ፍሪዘር ዋና ጉዳይ መሆኑ ይቀራል። የወጣ ዲኤንኤ በማይነስ 20 ለዓመታት ይቆያል። ፍሪዘሩ ሴረም ወይም ፕላዝማ ለወደፊት ካስቀመጣችሁ ይጠቅማል፤ ከመጣ ግን ብቻውን አይምጣ። አብሮት ሊመጣ የሚገባው፦

ስታቢላይዘር፣ የፍሪዘሩን የመነሻ ጅረት የሚችል። መጭመቂያው (ኮምፕረሰሩ) ሲነሳ በሥራ ላይ ከሚስበው ብዙ እጥፍ ይስባል፤ ልኩን ከሥራው ኃይል ብቻ ያሰላ ሰው ትንሽ ይገዛል፣ በመጀመሪያው ወር ይቃጠላል።

የሚያዘገይ ሪሌ (መብራት ሲመለስ ፍሪዘሩን ቆይቶ የሚያበራ ማብሪያ)። መብራት ሄዶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስቴ ብልጭ ይልና ነው የሚረጋው። ሪሌው 5 ደቂቃ ያህል ካላቆየው መጭመቂያው በግፊት ላይ እያለ ሊነሳ ይሞክራል። እኛ አገር ማይነስ 80 ፍሪዘር የሚሞተው በመብራት መጥፋት ሳይሆን በመብራት መምጣት ነው።

ጄኔሬተር፣ ከፍታውን ያሰላ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከ3 እስከ 3.5 በመቶ ኃይሉን ያጣል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,450 ሜትር ገደማ ነውና ከተጻፈበት ኃይል ሩብ ያህሉ የለም። 10 ኪሎ ቮልት አምፔር የሚል ጽሑፍ ካያችሁ 7.5 ብላችሁ አንብቡት።

ማንቂያ በሲም ካርድ መልእክት የሚልክ ብቻ ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ከንቱ ነው። በቀን ሁለቴ ሰው ያንብበው፣ ይፈርም፤ ቅዳሜ፣ እሑድና ፋሲካም ጭምር። ለዚህ ተረኛ አበል በበጀት ይያዝ። የአየር ማጣሪያው በየ3 ወሩ ይጽዳ፤ ከግድግዳ ቢያንስ አንድ ስንዝር ይራቅ።

ሌላ አንድ ነገር፣ ስለ ኦቶክሌቭ (በእንፋሎት ማምከኛ)፤ በዚህ ብዙ ሰው ይሳሳታል። መመሪያው 15 ፒኤስአይ (የግፊት ልክ)፣ 121 ዲግሪ፣ 15 ደቂቃ ይላል። ያ ለባሕር ጠረፍ ነው። የግፊት መለኪያው ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው፤ ደብረ ማርቆስ ላይ የውጭው አየር ራሱ 75 ኪሎ ፓስካል ገደማ እንጂ 101 አይደለም። ስለዚህ 15 ፒኤስአይ ላይ ውስጡ 117 ዲግሪ ገደማ ነው። በ4 ዲግሪ ልዩነት የሙቀት ተከላካይ ስፖሮች አገዳደል ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ 15 ደቂቃ የሚበቃው ሥራ 40 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። 121 ለመድረስ ደብረ ማርቆስ ላይ 19 ፒኤስአይ ገደማ፣ ባሕር ዳር ላይ (1,800 ሜትር) 18 ገደማ ያስፈልጋል። ከዚያ በፊት የመሣሪያው የመጨረሻ ግፊት ስንት እንደሆነ ሰሌዳውን አንብቡ፤ የማይፈቅድ ከሆነ ግፊቱን ሳይሆን ደቂቃውን ጨምሩ። ሙቀት በቀጥታ የሚለካ ካለው ግፊቱን ትታችሁ ሙቀቱን እመኑ። የጂኦባሲለስ ስፖር አመልካች በየሳምንቱ አስገቡበት፤ ዕቃው ላይ የሚለጠፈው የማምከኛ ቴፕ መጥቆሩ ማምከኑን አያረጋግጥም።

ሰከላ

ከመስኩ በኩል። እዚሁ ጎጃም የተሠሩ ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ለእናንተ ቅርብ ናቸው፤ ፕሮቶኮላቸውን አንብቡ። አንደኛው በጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ በ72 ንዑስ ቀበሌዎች የተካሄደው የትራኮማ ጥናት፣ ታና የሚባለው ነው። ሁለተኛው በአነደድ ወረዳ 696 የፖዶኮኒዮሲስ ሕሙማንን ያሳተፈው ጎልቤት ነው፤ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። እግር ማጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ ካልሲና ጫማ ያገኙት ሰዎች እግር እያመመ የሚያስተኛቸው ትኩሳት ቀነሰላቸው፦ ገና ባላገኙት በዓመት በሰው 23.9 ጊዜ ሲሆን በነሱ 19.4 ነበር።

ይህን የጠቀስሁት አንድ ነገር ለማለት ነው። ረቂቃችሁ ደም እንጂ እንክብካቤ የለበትም። 600 እግራቸው ያበጠ ሰዎች ተጠርተው፣ ደም ሰጥተው ባዶ እጃቸውን ሊመለሱ አይገባም። ሳሙናው፣ ቫዝሊኑ፣ የዋይትፊልድ ቅባቱ፣ ፋሻው፣ ጫማው በበጀት ይግባ፤ ጤና ጣቢያው እንዲቀጥልበት ነርሶች ይሠልጥኑ። ጫማ በልካቸው መሠራት አለበት፤ የተለመደው ቁጥር እግራቸው አይገባበትም። ለዚህ ቆዳ ሠሪ በውል ይያዝ።

አሁን ወደ ቃላቱ። የስምምነት ቅጹን ውጭ ተጽፎ የመጣውን አትተርጉሙ፤ በአማርኛ አስባችሁ ጻፉት።

«ምርምር» እና «ምርመራ» በገጠር ጆሮ አንድ ናቸው። «ለምርምር ደም እንወስዳለን» ስትሉ «ተመርምሬ ውጤቴን እሰማለሁ» ብሎ ነው የሚሰማው። «ይህ ሕክምና አይደለም፤ ለናንተ የግል ውጤት አይመጣም፤ በሽታው ለምን አንዱን ይዞ ሌላውን እንደሚተው ለማወቅ ነው» ተብሎ ይነገር። ከዚያ ሰውየው በራሱ አንደበት መልሶ ይንገራችሁ። «ገባዎት?» ብላችሁ «አዎ» ሲባል አትለፉ፤ እንግዳን ላለማሳፈር የሚባል «አዎ» አለ።

ከዚህ የከፋው «ዘር» ነው። ዝሆኔ በዘር ነው ተብሎ በጋብቻ የሚገለሉ ቤተሰቦች አሉ። እናንተ ነጭ ጋዋን ለብሳችሁ «የበሽታውን የዘር ውርስ ልናጠና» ካላችሁ ያንን ማግለል በማኅተም አጸናችሁት። የ2012 እ.ኤ.አ. ጥናት ሰውነት ባዕድ ነገርን ከሚለይባቸው ከኤችኤልኤ ክፍል 2 ጂኖች ጋር ግንኙነት እንዳለ አሳይቷል፤ ስለዚህ የጄኔቲክ ተጋላጭነት እውነት ነው፤ መደበቅ የለበትም። አነጋገሩ ግን እንዲህ ይሁን፦ «ቀዩ አፈር በባዶ እግር ሲረገጥ ደቃቁ በቆዳ ይገባል። የአንዳንድ ሰው ሰውነት ይቆጣል፣ የአንዳንዱ አይቆጣም። ሰውነቱ የሚቆጣውም ቢሆን ከልጅነቱ ጀምሮ ጫማ ካደረገና እግሩን ከታጠበ በሽታው አይዘውም።» መጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ሳትነገር ማንም አይፈርም። በ10 ሰው ሞክሩት፣ ምን እንደገባቸው ጠይቁ፣ ቃሉን ቀይሩ፣ ከዚያ ለኮሚቴ አስገቡት። ይህ ፈጣን የሥነ ምግባር ዳሰሳ የሚባለው ሥራ ነው፤ በኢትዮጵያ የፖዶኮኒዮሲስ ጥናቶች ላይ ተሠርቶበታል፤ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

ፊርማ ሲጠየቅ ሰው መሬትና ግብር ያስባል። ለምን እንደሚፈረም፣ ወረቀቱ የት እንደሚቀመጥ ይነገር። ማንበብ የማይችል ሰው አሻራ ሲያደርግ ምስክሩ ከጥናቱ ቡድን ውጭ ይሁን፤ ግን የቀበሌ ሹም አይሁን፤ ሹም ባለበት «አልፈልግም» ማለት ይከብዳል።

በጾም ቀን እስከ 9 ሰዓት ያልቀመሰ ሰው ደም ሲቀዳ ሊዞርበት ይችላልና ጋደም አድርጋችሁ ቅዱ። በ12፣ በ21 እና በ27 ገበሬው ስለማያርስ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሰው ይገኛል። ከሰኔ እስከ መስከረም ወደ ውስጥ ቀበሌ መንገድ የለም፤ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው። ጥሩ የሚሆነው ከጥር እስከ ግንቦት ነው፤ በዚያም መሐል መንገዱ በጸጥታ ሊዘጋ ስለሚችል የ2 ወር ትርፍ ጊዜ ያዙ፤ ቅጾቹም ያለ ኢንተርኔት የሚሞሉ ይሁኑ።

የማርቆስ ልጅ

እግዚአብሔር ያክብራችሁ፤ ለሰኞው ስብሰባ ብዙ ነገር ያዝን። ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ፈቃዱ በምን ቅደም ተከተል ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ከጎጡ የተወሰኑት ብቻ ቀድመው እንክብካቤ ቢያገኙና ሌሎቹ ከ6 ወር በኋላ ቢያገኙ እንዴት እናስረዳለን? በጀቱ አንድ ጊዜ ለሁሉም ላይበቃ ይችላል። ሦስተኛ፣ የፒኤችዲውና የደራሲነቱ ነገር።

ሰከላ

ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። ዕቁብ በሉት። ዕጣ ይወጣል፣ አንዱ ዛሬ ይወስዳል፣ አንዱ ቆይቶ፣ ግን ሁሉም ይወስዳል። በጎልቤትም ግማሹ ወዲያው ግማሹ በኋላ ነበር እንክብካቤውን ያገኘው፤ ለእንዲህ ያለው አሠራር የዕቁብ ምሳሌ በትክክል ይገጥማል። ዕጣውም በሕዝብ ፊት ይውጣ። ይህን ምሳሌ ግን አንዱ ወገን መቼም የማያገኝበት ጥናት ላይ እንዳትጠቀሙበት፤ ዕቁብ ያለው ሰው ተራዬ ይደርሳል ብሎ ይጠብቃል፣ ሳይደርስ ሲቀር ተካድሁ ይላል።

አባይ ማዶ

የፈቃዱ መንገድ፦ መጀመሪያ የዩኒቨርሲቲያችሁ የሥነ ምግባር ኮሚቴ፤ ከዚያ የውጭ አጋር ስላለና ናሙና ከአገር ስለሚወጣ ብሔራዊው የምርምር ሥነ ምግባር ገምጋሚ ኮሚቴ። የነሱም ኮሚቴ ለብቻ ያጸድቃል። ከዚያ ከአማራ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የድጋፍ ደብዳቤ፣ በሱ ወደ ዞን፣ ወደ ወረዳ፣ ወደ ቀበሌ። የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነቱን ከፕሮቶኮሉ ጋር አንድ ላይ አስገቡ፤ ለብቻ ካስገባችሁት ኮሚቴው ይመልሰዋል፣ ወራት ይሄዳሉ። ስምምነቱ ላይ ይህ ይጻፍ፦ ስንት ቱቦ፣ ምን ያህል፣ ለየትኛው ምርመራ፣ ለሦስተኛ ወገን ያለ ጽሑፍ ፈቃዳችሁ እንደማይሰጥ፣ የተረፈው በስንት ወር ውስጥ እንደሚመለስ ወይም እንደሚወገድ። «ለወደፊት ተያያዥ ጥናቶች» የምትል ሐረግ ካለች ሰርዟት ወይም እያንዳንዱ አዲስ ጥናት ወደ ኮሚቴ ይመለስ በሉ።

የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም አለ፤ የጤናና የጄኔቲክ መረጃ የተለየ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ ነው። ስምና መለያ ቁጥር የሚያገናኘው መዝገብ ከእናንተ ቤት አይውጣ።

በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ይባላል። በዙም ቃል የተገባላችሁን ሁሉ በዚያው ቀን በኢሜይል ጽፋችሁ «እንዲህ ተስማምተናል» ብላችሁ ላኩላቸው።

ደጀን

ስለ ፒኤችዲውና ስለ ደራሲነቱ።

«1 ሰው እንወስዳለን» የሚለውን ወደ ሳንድዊች ቀይሩት። ተማሪው በእናንተ ወይም በሌላ ኢትዮጵያዊ ዩኒቨርሲቲ ይመዝገብ፣ ሁለት አማካሪ ይኑረው፣ እዚያ በየዓመቱ ከ3 እስከ 4 ወር ይቆይ፣ የቤተ ሙከራው ሥራ እዚህ ይሠራ። እንዲህ ሲሆን ፒፔቱም ዕውቀቱም እዚህ ይቀራል። ግን አንድ ዶክተር ብቻውን ቤተ ሙከራ አያቆምም። የሚጎድላችሁ ትንተና የሚሠራ ሰው ነው፤ የጄኔቲክ መረጃ ተልኮ ሲመጣ ኮምፒዩተር ላይ የሚያፍታታው ከሌለ መረጃው እጃችሁ ላይ ሆኖም የናንተ አይሆንም። ሁለት የባዮኢንፎርማቲክስ ማስተርስና አንድ የፕሮጀክት ሒሳብ ባለሙያ ሥልጠና ጠይቁ። በአፍሪካ የጄኔቲክ ጥናቶችን ያካሄደው ኤች 3 አፍሪካ ከ2012 እስከ 2022 እ.ኤ.አ. ከጥናቶቹ ጎን በናይጄሪያ፣ በኡጋንዳና በደቡብ አፍሪካ የናሙና ማከማቻዎችን፣ በመላ አህጉሩ ደግሞ የባዮኢንፎርማቲክስ ሥልጠና መረብ የዘረጋው ለዚሁ ነበር።

ደራሲነት። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ አራት መስፈርት አለው፤ አራቱም መሟላት አለባቸው፦ ለሥራው ጉልህ አስተዋጽኦ፣ ጽሑፉን መጻፍ ወይም ማረም፣ የመጨረሻውን ቅጂ ማጽደቅ፣ ተጠያቂነት። የመስክ ሰዎች የሚወድቁት በሁለተኛው ነው፤ ረቂቁ ሳይደርሳቸው ይወጣና «አልጻፉም» ይባላል። ስለዚህ የጽሑፎቹ ዝርዝር ደም ሳይቀዳ በፊት ይሠራ፦ ርእሱ፣ የመጀመሪያው ደራሲ ማን፣ የመጨረሻው ማን፣ ተጠሪው (ከመጽሔቱ ጋር የሚጻጻፈው) ማን። እያንዳንዱ ረቂቅ ለሁሉም ቢያንስ 15 ቀን ይቆይ። ብዙ አሳታሚዎች ለዝቅተኛ ገቢ አገሮች የኅትመት ክፍያ ስለሚቀንሱ ወይም ስለሚተዉ፣ አብዛኛዎቹም ተጠሪ ደራሲው የት እንዳለ ስለሚያዩ፣ ተጠሪው ከእናንተ ቢሆን በገንዘብም ያዋጣል።

ሁላችሁም የተመራማሪ መለያ የሆነውን የኦርሲድ ቁጥር አውጡ፤ 16 አኃዝ ነው፣ ነፃ ነው። የእኛ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ እንደጻፊው ይለያያል፤ መጽሔቱ ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳል። ያለ ቁጥር የአንድ ሰው ሥራ በሦስት ሰው ስም ተበትኖ ይቀራል። የሕሙማን መዝገብ ላይም ያው ነው፦ ፀሐይ፣ ጸሃይ፣ ፀሀይ ለኮምፒዩተሩ ሦስት ሰው ናት። በስም አታገናኙ፣ ባርኮድ ለጥፉ።

ቀን አጻጻፍ ላይ ደግሞ እለምናችኋለሁ፣ ተጠንቀቁ። መረጃ ሰብሳቢው በእኛ ያስባል፣ ኮምፒዩተሩ በነሱ። ጥቅምት 30 ቀን 2016 «30/2/2016» ተብሎ ሲገባ ፌብሩዋሪ 30 የለምና ኤክሴል ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል፤ በትንተና ጊዜ ባዶ ይሆናል። የካቲት 30 ግን «30/6/2016» ሆኖ ጁን 30 ይመስላል፣ ማንም ሳያውቅ ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። ቅጽ በስልክ የሚሞላበትን ኦዲኬ የሚጠቀሙ ከሆነ የቀን ጥያቄው ላይ የኢትዮጵያ ካላንደር የሚል አማራጭ አለ፤ ሰውየው በእኛ ይሞላል፣ የሚቀመጠው በነሱ ነው። ሬድካፕ የሚባለው የመረጃ ማስገቢያ ከሆነ ቀን፣ ወር፣ ዓመትን በሦስት የተለያየ ሳጥን ያዙና በኋላ በአንድ ስክሪፕት ለውጡ። ሰዓቱንም እንዲሁ፦ ጠዋት 3 ሰዓት የተቀዳ ደም «03:00» ተብሎ ከገባ ናሙናው ከበረዶ ሳጥን ውጭ 6 ሰዓት የቆየ ይመስልና ጥራት ተቆጣጣሪው ይጥለዋል።

የማርቆስ ልጅ

ስክሪፕቱ ላይ አንድ ጥያቄ፣ መስከረም 1ን ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ብንይዝ ችግር አለው?

ደጀን

አለው። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ይውላል፤ የ2016 መግቢያ እንዲያ ነበር። ከዚያ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይዛነፋል፤ የእናንተ የጥርና የየካቲት ናሙናዎች እዚያ ውስጥ ናቸው። ቀመሩን በእጃችሁ አትጻፉ፣ የተሞከረ የካላንደር ላይብረሪ ተጠቀሙ። ከዚያ እነዚህን አራት ቀኖች አስገብታችሁ ፈትሹት፦ ጳጉሜ 6 ቀን 2015፣ መስከረም 1 ቀን 2016፣ የካቲት 21 ቀን 2016፣ የካቲት 22 ቀን 2016። ሴፕቴምበር 11፣ ሴፕቴምበር 12፣ ፌብሩዋሪ 29 እና ማርች 1 ካላወጣ አትጠቀሙበት።